ያልነበረው ቀዳዳ

በደርግ ጊዜ ነው። የካ ውስጥ በነበረች አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ በቴክኒሺያንነት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ የፓምፕ ጥገናው ባለሙያ ጋሼ ከማል ወደ ማሽኑ ወሰዱኝ። «ይህቺ ብር ታተናለች» አሉኝ። «ደመወዛችንንም?» ብላቸው ሳቁ።

አየሩን ከብረት ጋኑ ውስጥ በፓምፕ እንመጥጥና በምትኩ ጥቂት አርጎን ጋዝ እንለቃለን። ኤሌክትሪኩን ስናበራ ጋዙ ሐምራዊ እያበራ ፕላዝማ ይሆናል። በሙቀቱ ብሩ ይተንና በዓይን የማይለይ ቅንጣት ሆኖ ይረጋል። ጋዙ ከበዛ ቅንጣቱ ይወፍራል፣ ካነሰ ይደቃል። ስለዚህ ሁሉም ነገር የግፊት መለኪያው እጅ ላይ ነበር።

ከባሕር ማዶ የመጣው መመሪያ፣ ጋዝ ከመልቀቃችሁ በፊት የመለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር ይንካ ይላል። የእኛ መርፌ ግን ሁልጊዜ ሳይደርስ ይቆማል። ጋሼ ከማል ጎማ ቀየሩ፣ ብሎን አጠበቁ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳለ በሳሙና አረፋ ፈተሹ፤ አላገኙም። ለወራት አንዲት ግራም አልሠራንም። ሰለቸን።

ኃላፊያችን ጓድ ታደሰ ሪፖርት አዘዙኝ። ምክንያቱን አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ለማለት ግን አፈርኩ። «ፓምፑ አካባቢ ቀዳዳ አለ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

«ወራት ሙሉ ያልተደፈነ ቀዳዳ አሻጥር ነው» አሉ ጓድ ታደሰ። ያኔ አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ያስበላ ነበር። ጋሼ ከማል የመለሱት «ጓድ፣ ቀዳዳ የለም» ብቻ ነው። በማግስቱ ግቢ ጠራጊ ተደረጉ። ዕድለኛ ናቸው ተባለ።

አንድ እሑድ እንጦጦ ማርያም አጠገብ የምትኖር አክስቴን ልጠይቅ ወጣሁ። ምሳ ዘገየ።

«እዚህ ጋራ ላይ ባቄላ መች ቶሎ ይበስላል? አየሩ ስስ ነው እኮ» አለችኝ።

ረሃቤ ጠፋ። መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር ምን ያህል እንደቀነስን ነው። መስመሩን ያሰመሩት ቆላ፣ አየሩ ከባድ በሆነበት ባሕር ጠረፍ ነው። እንደ እንጦጦ አየሩ በሳሳበት የካ ላይ ፓምፑ የሌለ አየር ከየት አምጥቶ ይምጠጥ?

ሰኞ ቀዩን መስመር በጥፍር ቀለም ወደ ኋላ መልሰን አሰመርን፣ የጋዙንም ልክ አስተካከልን። የፈለግነው ደቃቅ ዱቄት በዚያው ቀን ወጣ። ጋሼ ከማል ወደ ሥራቸው ይመለሱ ብዬ ስጠይቅ ግን ጓድ ታደሰ «ፊርማው ያንተ ነው፤ ፋይሉ ተዘግቷል» አሉኝ።

ግቢ ወርጄ ነገርኳቸው።

«ቀዳዳው ተገኘ?» አሉኝ መጥረጊያቸውን ተደግፈው።

«አልነበረም፣ ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔስ ምን አልኩ?» ብለው መጥረጋቸውን ቀጠሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፓምፕ አልነኩም።

ለአዲስ ቴክኒሺያኖች የምለው ይህን ነው። መርፌው የቆመበትን ጻፉ። ለምን እንደቆመ ካላወቃችሁ «አላውቅም» ብላችሁ ፈርሙ።