ሙላትን የጠበቅንበት ድምፅ

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። ለሰው በጎ አስበን ሰው የጎዳንበት ስለሆነ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ደባርቅ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሙላት ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ምግብ ያበስላል፤ አንዴ ከወጣ ኔትወርክ የሚባል ነገር አያገኝም። እኔና እሱ፣ ጥቂት የሰፈር ልጆችና ጡረተኛው መምህር ጋሽ አያሌው ብዙ ሰው የማያውቃትን አንዲት ክሪፕቶ፣ በኢንተርኔት ብቻ ያለች ገንዘብ፣ ገዝተን ነበር። ሙላትማ በቅሎ ሊገዛበት ያጠራቀመውን በሙሉ ነው ያስገባው።

እሱ ተራራው ላይ አምቢኮ በሚባለው ሰፈር ሳለ ክሪፕቶዋን የገዛን ሁሉ በስልክ ድምፅ እንድንሰጥ ተጠራን። የገንዘቧ ሕግ ሊቀየር ነው። ከጸደቀ ሁሉም ያለውን በጥቂት ቀን ውስጥ ስልኩ ላይ ወደሚከፍተው አዲስ የክሪፕቶ ቦርሳ ያዛውራል፤ ያላዛወረ ለዘለዓለም ይቆለፍበታል። የሙላትን ደግሞ ከራሱ ስልክ በቀር ማዛወር አይቻልም። ሰው ብንልክበትም እንግዶቹን ይዞ ወደ ራስ ደጀን አልፏል።

ሱቄ ውስጥ ተሰበሰብን። እኔ እንቃወም አልኩ። ጋሽ አያሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባለጉዳዩ በሌለበት ነገር አይቆረጥም። ማናችንም ድምፅ እንዳንሰጥ። ልጁ ይውረድና አብረን እንመክርበታለን» አሉ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። እድራችን እንኳ የሚመለከተው ሰው ከጎደለ ጉዳዩን ለሌላ እሁድ ይቀጥራል። እኛ ዝም ካልን ነገሩ የሚያድር መሰለን። ስልካችንን ኪሳችን ከተን ተለያየን። ለወንድሜ የቆምኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሞኝ!

ድምፁ ግን ማንንም ሳይጠብቅ፣ የሰጡትን ብቻ ቆጥሮ ተዘጋ፤ ሕጉ በጠባብ ልዩነት ጸደቀ። የእኛ ተቃውሞ ቢጨመርበት ይወድቅ ነበር። የየራሳችንን አዛወርን፤ የሙላት ተቆለፈ።

ሙላት ብርድ ፊቱን ልጦት ከተራራው ሲወርድ በቀጥታ ሱቄ መጣ። የሆነውን ነገርኩት።

«ሳልኖር ወሰናችሁብኝ፣ እታለም?» አለኝ።

«አልወሰንንም። አንተን ጠበቅንህ።»

ስልኩን አውጥቶ አገላበጠው። ጋሽ አያሌው ወሬውን ሰምተው ሲገቡ ከመቀመጫው ተነሳላቸው። «ስለጠበቃችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። ከልቡ ነበር። ጋሽ አያሌው መቀመጥ አቅቷቸው ቆመው ቀሩ።

ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር። ሙላት ዛሬም በሰው በቅሎ ተራራ ይወጣል፤ ጋሽ አያሌውም በሱቄ በር ማለፍ ትተዋል። እኔ ድምፅ ስጡ የሚል መልእክት ሲመጣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ማንንም ሳልጠብቅ ወዲያው እሰጣለሁ። እንዲህ መሆኔን ግን አልወደድኩትም።