የሰመራው ባለ ሹራብ

በሰመራ ከተማ ሹራብ የሚለብስ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሰጥ የሚባለው ነው። ግንቦት ላይ፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ተጣብቆ በሚሄድበት ቀትር፣ ቢሰጥ ግራጫ ሹራቡን በክንዱ አንጠልጥሎ ወደ ሆስፒታሉ ሲያዘግም ያየው እንግዳ፣ ሰውየውን ሙቀቱ ነካ አድርጎታል ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የአንጎልና የጀርባ አጥንት ምስል የሚያነሣው የሲቲ ስካን መሣሪያ ሙቀት አይችልም፤ ክፍሉ ቀንና ሌሊት በማቀዝቀዣ ይጠበቃል። ከተማው በሙሉ ሲቀቀል የሚበርዳቸው አንድ ማሽንና ማሽኑን የሚያሠራው የደብረ ብርሃን ተወላጅ ናቸው።

ቢሰጥ አርባ አራት ዓመቱ ነው። አላገባም፤ ለምን እንዳላገባ የሚጠይቀውም ካቆመ ቆይቷል። በዚያ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ የተማረው አፋርኛ አምስት ቃል ነው፦ «ተኛ»፣ «አትፍራ»፣ «አትንቀሳቀስ»፣ «ተነሣ» እና «አልቋል»። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ በማይክሮፎን የሚናገራቸው እነዚህን ነው። አራት ትእዛዝና አንድ መርዶ መሳይ ቃል ይዞ ወዳጅ ማፍራት አስቸጋሪ መሆኑን ከእርሱ የተሻለ የሚመሰክር የለም።

ይብስ ያራቀው ግን ቋንቋው ሳይሆን የሙያው ደንብ ነበር። ምስሉን እርሱ ያነሣል እንጂ አንብቦ ውጤት የሚጽፈው አዲስ አበባ ያለ ስፔሻሊስት ነው፤ ለታማሚው የሚነግረው ደግሞ መርማሪው ሐኪም ነው። ስለዚህ ቢሰጥ ሁሉን ያያል፤ ለሚጠይቀው ሁሉ «ውጤቱን ሐኪምዎ ይነግርዎታል» ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር ሌላ አገር ጨዋነት ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ጥላ ፈልጎ ተቀምጦ፣ ያየውንና የሰማውን ሳይደብቅ ሳይጨምር ዳጉ የሚሉትን ወሬ በሚለዋወጥበት በአፋር ምድር ግን፣ የሰው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ አይቶ ዝም የሚል ሰው የሌላውን ወሬ በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ይቆጠራል። ሰዎቹ ሰላምታ አይነፍጉትም። ሰላም ብለውት ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ።

ከዚህ ሁሉ ሰው የተለየው ካሊድ ነበር። ካሊድ የሆስፒታሉ የበር ጠባቂ ነው፤ ስልሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ አፋር። ጠዋት ጠዋት ቢሰጥን በሩ ላይ ያስቆምና ዳጉውን በአማርኛ አንድ በአንድ ያቀርብለታል፤ ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ላይ ስንት ከባድ መኪና እንደተሰለፈ፣ የማን ግመል እንደወለደች፣ ሚሌ ላይ ማን ከማን ጋር እንደታረቀ። ጨርሶ ዱላውን ይደገፍና ይጠይቃል።

«የአንተስ?»

«ደኅና ነው፣ ጋሽ ካሊድ።»

«‹ደኅና› ዳጉ አይደለም፤ የዳጉ በር መዝጊያ ነው። እኔ በር ጠባቂ ነኝ፣ አውቃለሁ።»

ካሊድ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሰጥቶ ምንም ሳይቀበል ኖረ። ቢሰጥም ከበሩ እስከ ክፍሉ ባለው መንገድ የሰማውን ሁሉ በልቡ ይደግመዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያገኘው የሰው ድምፅ እርሱ ብቻ የሆነባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ካሊድ በጭንቅላቱ ቀኝ በኩል እብጠት ይዞ ተገኘ። የሆስፒታሉ አምቡላንስ የኋላ በር በድንገት ተከፍቶ መትቶት ነበር።

«አምቡላንስ ረገጠኝ» አለ። «ግመል ብትረግጠኝ ለዘመድ ይነገራል። ይሄን ለማን አወራዋለሁ?»

ተሳሳቁ፤ እብጠቱም በሳምንቱ ጠፋ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ካሊድ ስለ ገላፊ ሰልፍ ነግሮት ቢሰጥ ወደ ውስጥ ገባ፤ መነጽሩን ሱቅ ረስቶ ተመልሶ ሲወጣ ካሊድ አስቆመውና ያንኑ ወሬ ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ እንደ አዲስ ነገረው። ቢሰጥ ሊያሾፍበት መስሎት ፈገግ አለ። ካሊድ ግን አልሣቀም። በማግስቱ ከወንበሩ ተነሥቶ ሲራመድ የግራ እግሩ ጫማ መሬት ላይ ቀረ፤ ካሊድ አላወቀም።

አንድ አፋር አንድን ዳጉ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከነገረ ታሟል። ይህን ለማወቅ ማሽን አላስፈለገም። ቢሰጥ ካሊድን ይዞ በቀጥታ ወደ ዶክተር ወንጌላዊት ሄደ። ወንጌላዊት ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ሐኪም ናት።

«ጋሽ ቢሰጥ፣ ዛሬ እርስዎ ሰው ይዘው መጡ? እኛ ነበርን ወደ እርስዎ የምንልከው!» ብላ ሣቀች። ካሊድን እጁንና እግሩን አስነሥታ ስታየው ሣቋ ጠፋ፤ የጭንቅላት ሲቲ ስካን አዘዘች።

ካሊድ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ክቡን የማሽን አፍ አየ። «ገና ሳልሞት ጉድጓድ ውስጥ?» አለ በተጎተተ አንደበት።

«አትንቀሳቀስ» አለ ቢሰጥ በማይክሮፎኑ፣ በአፋርኛ።

ምስሎቹ እየተከታተሉ መጡ። የራስ ቅሉ ነጭ ቀለበት ነው። በቀኝ በኩል፣ በአጥንቱና በአንጎሉ መካከል፣ የሦስት ቀን ጨረቃ የመሰለ የጠቆረ ነገር ተጋድሟል፤ አንጎሉን ወደ ግራ ገፍቶ የመካከሉን መስመር አጉብጦታል። ቢሰጥ መስመሩ የተገፋበትን ለካ፤ ዘጠኝ ሚሊሜትር። እንዲህ ያለ ምስል ከዚህ በፊት አይቷል። አጥንቱ በጊዜ ተበስቶ የተጠራቀመው ደም ከፈሰሰላቸው በእግራቸው የተመለሱ አሉ፤ የዘገዩትን ደግሞ ያውቃቸዋል።

ወደ አዲስ አበባ ሊልክ ሲል የኢንተርኔቱ መስመር ተቋርጧል። ወደ ወንጌላዊት ሲሮጥ ምጥ የጠናባት እናት ይዛ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብታለች፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አትወጣም። ሲመለስ ካሊድ ተነሥቶ፣ አንድ የጎሳው ሰው ጫማውን እያጠለቀለት ነው። በሩ ላይ የቆመው ፒክአፕ መኪና ሞተሩ አልጠፋም። ራስ ምታቱን በግመል ወተትና በዕረፍት ሊያድኑት፣ ስልክ ወደማይደርስበት ግጦሽ ሊወስዱት ነው።

«ዶክተሯን ይጠብቁ፣ ጋሽ ካሊድ።»

«ለምን?»

«ውጤቱን እሷ ትነግርዎታለች።»

ካሊድ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «አንተ አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያስ ዳጉ የአንተ ነው። እሷ አላየችም። ካልነገርከኝ እሄዳለሁ።»

ቢሰጥ ጉሮሮውን ጠረገ። «መጥፎ ነገር ሳይሆን አይቀርም፣ ምናልባት…»

«የመሰለህን ለራስህ አቆየው። ያየኸውን ብቻ።»

ቢሰጥ ወለሉ ላይ፣ ከካሊድ ፊት ተቀመጠ። «በቀኝ በኩል፣ ከአጥንቱ በታች፣ ፈሳሽ ተጠራቅሞ አየሁ። ቅርጹ እንደ ጨረቃ ነው። አንጎልዎን ወደ ግራ ገፍቶታል።»

«በምን ያህል?»

ቢሰጥ የትንሿ ጣቱን ጥፍር ስፋት አሳየው።

«ጥቂት ነው።»

«እዚያ ቦታ ላይ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰባት ሰው አይቻለሁ። ቶሎ የሄዱት አራቱ ተመልሰው በዚህ በር ሲገቡ አየሁ። ሦስቱ ዘግይተው ሄዱ፤ አልተመለሱም።»

«ወላሂ?»

«በዓይኔ።»

ካሊድ ወደ ዘመዱ ዞረና በአፋርኛ ተናገረ፤ ቢሰጥ ጣቶቹ ሲቆጠሩ፣ ጥፍሩም ሲጠቆም አየ። ዘመድየው ወጥቶ የመኪናውን ሞተር አጠፋ። ከሰዓት በኋላ ወንጌላዊት የማስተላለፊያ ወረቀቱን ጽፋ፣ ካሊድ የምስሉን ሲዲ ደረቱ ላይ ይዞ በዚያችው በረገጠችው አምቡላንስ ወደ አዳማ ሄደ።

ዳጉ ያየውን ሰው ስም ይዞ ስለሚጓዝ፣ በማግስቱ ቢሰጥ ክፍል ደጃፍ ላይ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦ ነበር። አንዱም የሐኪም ትእዛዝ አልያዘም። አንዱ የእናቱን ጉልበት፣ ሌላው ዓምና የተነሣውን የጀርባ ምስል፣ አንዲት ሴት ደግሞ የባሏን ጠባይ እንዲያይላት ፈልገዋል። ቢሰጥ ደንቡን ደገመላቸው። ቀድሞ ለማንም የማይናገር ሰው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መርጦ የሚናገር ሰው ሆነ፤ ይህኛው ይበልጥ ያስከፋል። በሳምንቱ አስተዳደሩ «ከሙያ ወሰን በማለፍ ውጤት በመግለጽዎ» የሚል፣ ማኅተሙ የደመቀ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠው። ወንጌላዊት ልትከራከርለት ሄዳ እርሷም ምክር ተቀብላ ተመለሰች።

በሩ ላይ የተተካው ጠባቂ በአንገቱ ብቻ ሰላም ይላል። የካሊድ ስልክ ዝግ ነው። ከተማው ስለ ካሊድ አንድ ነገር ሳይሰማ አይቀርም፤ ለቢሰጥ የሚነግረው ግን የለም። ምሳውን ክፍሉ ውስጥ፣ ከማሽኑ ጋር መብላት ጀመረ።

ሰኔ ላይ የዓመት ፈቃድ ወስዶ ደብረ ብርሃን ወደምትኖረው እኅቱ ሊሄድ አውቶቡስ ተሳፈረ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ለምሳ ሲቆሙ፣ ከምግብ ቤቱ ጥላ ሥር አንድ አፋር ሽማግሌ ብቻውን ተቀምጦ አየ። ሁለት ጊዜ አልፎት ሄደ። በሦስተኛው ፊቱ ተቀመጠና ሳይጠየቅ በአማርኛ ዳጉ ሰጠ፤ ከየት እንደተነሣ፣ መንገዱ ላይ ያየውን፣ የገዋኔን ዝናብ፣ ከዚያም የካሊድን ነገር ከአምቡላንሷ ጀምሮ። ሽማግሌው ሳያቋርጥ ሰማው።

«ቅዳሜ አይቼዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «አልሃምዱሊላህ፣ በእግሩ ይሄዳል። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሴት ልጁ ቤት ነው።»

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ቢሰጥ ሻንጣውን ሊያወርድ ሲሮጥ ረዳቱ ጮኸበት፦ «ጋሼ፣ ቦታዎ ላይ ዶሮ ነው የማስቀምጠው!»

«አስቀምጥ!»

ካሊድ በግቢው ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ነበር። በተላጨው ራሱ ላይ ሁለት ጠባሳ ይታያል። «የደብረ ብርሃኑ!» ብሎ እጁን ይዞ አልለቀው አለ፤ የግራ እጁም ብርቱ ነበር። የማያስታውሰው ነገር ቢኖር ከአምቡላንሷ ርግጫ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ነው።

«አንተ ነገርከኝ ይላሉ። እውነት ነው?»

«ነግሬዎታለሁ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«‹ያየኸውን ብቻ› አሉኝ።»

ካሊድ ሣቀ። «ያ በእርግጥ እኔ ነኝ።» ከዚያ ሣቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። «በራሴ ውስጥ ፈለግኩት ግን አጣሁት። እዚያ እንዳልነበርኩ ነው።»

ቢሰጥ በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ለሰው ሙሉ ነገር ተናግሮ፣ ሰሚው ነገሩን ረስቶታል። የቀረው ማስረጃ ማኅደሩ ውስጥ የተቀመጠው ማስጠንቀቂያ ነው።

«ሰመራ መቼ ይመለሳሉ?»

ልጁ መዲና ከቤት ውስጥ መለሰች። «በሩን ሌላ ሰው ይጠብቅ። አባቴን እኔ ነኝ የምጠብቀው።»

«ሰማህ? ዘበኛ ተቀጠረብኝ» አለ ካሊድ። ጥቂት አወራ፤ ድካሙ ገና አልለቀቀውም ነበርና በወሬው መካከል እንቅልፍ ወሰደው። ቢሰጥ ትንፋሹን እያዳመጠ አጠገቡ ቆየ።

«ልቀስቅሰው?» አለች መዲና።

«ይተኛ፤ ዕረፍት ነው የሚያስፈልገው።»

ሻንጣውን አንሥቶ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ወደ ደጋው የሚሄድ አውቶቡስ እስከ ነገ አልነበረም፤ በአዋሽ ደግሞ ከካሊድ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም። አልጋ ፍለጋ ወደ ሆቴሎቹ አመራ።