ወንድሜ አጥርቶ የሰጠኝ ደም

ሦስተኛ ልጄን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ስወልድ ደሜ አልቆም አለ። የኔ ዓይነት ደም አልቆ ስለነበር ታላቅ ወንድሜ ክንዱን ዘረጋ። ደሙ ተመረመረ፣ ምንም የለበትም ተባለ፣ ተሰጠኝ። ያ ደም ባይደርስልኝ ዛሬ ይህን የምትጽፍ ሴት የለችም።

ወንድሜ በዐሥረኛው ቀን ማር ይዞ ከደምበጫ ሊጠይቀኝ መጣ። ልጅቱን እያጠባሁ እንጫወታለን። በመሀል ፈገግ አለና፣ «ደሜን እኮ አጥርቼ ነው የሰጠሁሽ፣ እቴ» አለኝ።

በኦፕራሲዮን እንደምወልድና ደም ሊያስፈልገኝ እንደሚችል አስቀድሞ ያውቅ ነበርና፣ ከመውለዴ ሳምንት በፊት ገበያ ዳር ካለችው ዋግምት አጋሚ ዘንድ ሄዶ ጀርባውን በምላጭ ተበጥቶ ታግሞ ኖሯል። መጥፎው ደም ይውጣ፣ ጥሩው ለእህቴ ይቅር ብሎ። ደም ሲሰጥ ነርሷ ገላው ላይ ምላጭ አርፎ እንደሆነ ጠይቃዋለች። ደም ጎድሎሃል ብላ እንዳትመልሰው ፈርቶ የለም አላት።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን ስለ ምላጩ ጠየቅሁት።

«ከኔ በፊት ሦስት ሰው ታግሞበታል። ግን በአረቄ ጠርጋዋለች።»

ልጅቱን ከጡቴ አላቀቅኋት። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄጄ የወንድሜን ነገር ለነርሷ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ኋላ እንዳስረዳችኝ፣ የጉበት ቫይረስ ገና እንደገባ ምርመራ ላያየው ይችላል፣ ሳምንታት ተደብቆ ይቆያል። ልጅቱ የጉበት ክትባቷን እንደተወለደች አግኝታለች፣ ጡትም አትከልክያት አለችኝ። እኔን ግን ለምርመራ በሦስት ወር ተመለሺ አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የባሌን ምላጭ ከኔ ነገር ለየሁ። ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቢቆርጠኝ ልጆቹን ከማጀት አስወጣለሁ።

ሦስት ወሩ ሳይሞላ የወንድሜ ዓይን ቢጫ ሆነ። ጎረቤቱ የወፍ በሽታ ነው አለ፤ ጤና ጣቢያ ግን የጉበት ቫይረስ ተገኘበት። ይህን እንደሰማሁ ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ሄጄ ተመረመርኩ። እኔም ላይ ተገኘ።

ወንድሜ ደውሎ፣ «አንቺስ?» አለኝ። ያጠፋሁሽ እኔ ነኝ እንዳይል ፈራሁ።

«እኔ ነጻ ነኝ» አልኩት። ባሌ ቀና ብሎ አየኝ።

በሳምንቱ፣ ሐሙስ ዕለት፣ እንደገና ደወለ። ደስ ብሎታል። ያተረፈሽ ዋግምቱ ነው፣ መጥፎው ለኔ ቀረ፣ የጠራው ላንቺ ደረሰ አለኝ። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሷል። ደም የሚሰጧት ወንድሞቿ ናቸውና ቅዳሜ ሁለቱንም አጋሚዋ ዘንድ ሊወስዳቸው ተቀጣጥሯል።

መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ። እኔም ላይ አለ። አትውሰዳቸው። ሚስትህንም ዛሬውኑ አስመርምራት።»

ስልኩ አልተዘጋም። ከወዲያ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የገበያ ጫጫታ ይሰማኛል። «ቅዳሜ ቀርቷል» አለኝ። ከዚያ ባጃጅ አስቁሞ፣ «ወደ ቤት፣ ሚስቴን ጤና ጣቢያ ላደርሳት ነው» ሲል ሰማሁት።