ፊቷ የተፋቀው እንጨት

ኦርቪል ቴስመር በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን ማተሚያ ቤቱን ከአባቱ ሲወርስ፣ ሥዕል የተቀረጸባቸውን አሮጌ የማተሚያ እንጨቶችም አብሮ ወረሰ። ንስሩ፣ ደወሉና ከበሮ መቺው ከአያቱ ዘመን የመጡ ነበሩ። ባንዲራ ይዛ የቆመችውን ሴት ግን አባቱ ነው የቀረጻት፤ መልኳን የወሰደው ከገዛ ልጁ፣ ከኦርቪል ታናሽ እህት ከቬልማ ነበር። እሷ የታተመችበት የጁላይ አራት የነጻነት በዓል ማስታወቂያ በየሱቁ በር ሲለጠፍ፣ የከተማው ሰዎች «ቬልማ፣ ዘንድሮም አላረጀሽም እኮ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም፣ «ባንዲራው ከበደኝ፣ የሚያግዘኝ ጠፋ» ትል ነበር።

አባታቸው ከሞተ በኋላ ቬልማ ዌንደል የሚባል የላም አርቢ ልጅ አገባች። ዌንደል ለቬትናም ጦርነት ሲጠራ፣ ሰው አልገድልም ብሎ እስር ቤት ገባ። ኦርቪል ደግሞ ኮሪያ ዘምቶ ጓደኞቹን ያጣ ሰው ነው። እህቱን ማተሚያ ቤት አስጠራት።

«ፍቺው» አላት።

«አልፈታውም።»

«እንግዲያው እዚህ ቤት እንዳትመጪ።»

ወጣች፤ በዚያው ሳምንት ከተማውን ለቀቀች። እኔ ያኔ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የእርሳስ ፊደል እየለቀምኩ የምደረድር ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ኦርቪል የአባቱን መሮ አንስቶ ቬልማ የተቀረጸችበት እንጨት ላይ ሲያጎነብስ አየሁት።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እያጸዳሁ ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

የዚያ ዓመት ማስታወቂያ ላይ የሴትየዋ ፊት ቀለም ሳይነካው ነጭ ሆኖ ወጣ። ማንም አልቀለደም።

ንዴቱ ሲበርድለት ሊጠግነው ሞከረ። አዲስ እንጨት ለጥፎ ቀረጸ፤ አንዴ ወንድ መሰለ፣ አንዴ ማንንም ሳይመስል ቀረ። አታሚ እንጂ ቀራጺ አልነበረም። ፊቷን አይቶ ለመቅረጽ የድሮ ማስታወቂያ ፍለጋ በየቤቱ ዞረ። በዓሉ ሲያልፍ የሚጣል ወረቀት ማን ያስቀምጣል?

ብዙ ዓመት አልፎ፣ ዌንደል ከሞተ ወዲያ፣ ቬልማ ጸጉሯ ሸብቶ መጣች።

«አባባ የሠራኝን አንዴ አትምልኝ። የልጅ ልጆቼ አላምን ብለውኛል» አለችው።

ኦርቪል እንጨቱን አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠው። የተቦረቦረውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ምን በላው? አይጥ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በኔ ተናደድክ፣ እሺ። የአባባ የእጅ ሥራ ምን አደረገህ?»

ኦርቪል ንስሩን አተመላት፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ክረምቱ ሳይወጣ መሞቷን ሰማን።

ከቀብሯ ስንመለስ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ኦርቪል መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«ንስሩን ያተምኩላት ቀን እስከ መኪናዋ ሸኘኋት። ይቅር በይኝ ለማለት ጊዜ ነበረኝ። እኔ ግን፣ ድልድዩ እየተጠገነ ነው፣ በላይኛው መንገድ ሂጂ አልኳት።»