የላበው ሰው ከቤት አይወጣም

ላብ በሽታ አያወጣም። ውሃ ያወጣል፣ ጨው ያወጣል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ቢያወጣ ለወሬ የማይበቃ ቅንጣት ነው። ይህን የምታነብበው አንተ እናትህም ጎረቤትህም ተቃራኒውን ሲነግሩህ እንዳደግህ አውቃለሁ። ለእኔም ነግረውኛል። አምኜ ልሞት ነበር።

የጀመረኝ ክፍል ውስጥ ነው። ቦንጋ የመጣሁት በመምህርነት ተመድቤ ነው፤ አገሩ ተስማማኝና ቀረሁ። ጠዋቱ ጭጋግ ነበር፣ እዚህ ግን ጭጋግ ዜና አይደለም። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ጠመኔው በእጄ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ተማሪዎቹ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ኮቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ብርዱ ግን ከመስኮቱ አልነበረም የሚመጣው፤ ከአጥንቴ ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ሮማን ግንባሬን ዳሰሰችና እጇን ቶሎ አነሣች። «ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች። እኔ ደግሞ «ጋሽ በቀለን ጥሪልኝ» አልኩ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው መከራ ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር የተወለደ ነው።

ጋሽ በቀለ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ስልሳን ቢያልፉም ደረታቸው ገና እንደ ወጣት የተነፋ ነው። ቦንጋ ስመጣ የመጀመሪያ ወዳጄ እሳቸው ነበሩ። በየማለዳው ከመናኸሪያው ወደ ላይ የሚወስደውን አቀበት አብረን እንወጣለን፤ ጫፉ ላይ ስንደርስ የሸሚዛቸውን ጀርባ ያሳዩኛል፣ ረጥቦ ከሆነ ቀኑ ተባርኳል። «ያላላበ ሰው ቆሻሻውን ታቅፎ ነው የሚያድረው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ይህን እምነታቸውን በመጻሕፍት አስጌጥኩላቸው። ስለ ጥንት ሮማውያን መታጠቢያ፣ ስለ ፊንላንዶች የእንፋሎት ጎጆ፣ ስለ ቱርክ ሐማም አንብቤ ነበርና አንድም ሳላስቀር ተረኩላቸው። ሰው ሁሉ ለጉንፋን ሳይቀር ክኒን በሚቅምበት ጊዜ፣ ከሰው ተለይቶ መቆም የሚወድ ሰው ስለሆንኩ፣ ለላብ ጠበቃ ቆምኩ፤ ክኒን በሚውጥ ሰው ሁሉ ላይ፣ በጤና ባለሙያው ጓደኛችን ላይ ሳይቀር፣ አሾፍኩ። ብዙ ያነበበ ሰው እንደማንኛውም ሰው ይሳሳታል፤ ልዩነቱ ለስሕተቱ ማስረጃ አለማጣቱ ነው።

ከመታመሜ ሁለት ሳምንት ግድም ቀደም ብሎ፣ ለወገብህ ይሻልሃል ብለውኝ ወደ ቆላው ወርደን ፍል ውሃ ገብተን ነበር። ቀን ላበን፣ ማታ የወባ ትንኝ በላን። ላቡን ለጤና ቆጠርነው። ትንኙን ማንም አልቆጠረውም።

ጋሽ በቀለ መጡ፤ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጡና ዓይኔን ገልጠው አዩ። «ምች ነው» አሉ።

«ምች የፀሐይ አይደለም እንዴ?» አልኩ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። «ቦንጋ ላይ ፀሐይ ከየት አምጥቼ?»

«አሁንም ታሾፋለህ! ሮማን፣ ከጓሮ ዳማከሴ ቁረጪ። ባሕር ዛፍም ቀቅይ። ይኼ ሰውዬ ዛሬ ይላባል።»

ዳማከሴው ተጨመቀ፤ ግማሹን ጠጣሁት፣ በግማሹ ገላዬን አሹኝ። ባሕር ዛፉ የተቀቀለበት ድስት ከፊቴ ተቀመጠ። ጋቢ ደረቡብኝ፣ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ የእሳቸውን ካፖርት። ታጠንኩ። ብርዱ ለቀቀኝና እሳት ሆንኩ። ከዚያ ላቡ መጣ። ከፀጉሬ ሥር፣ ከጀርባዬ፣ ከጉልበቴ መታጠፊያ እንደ ምንጭ ፈለቀ። አንሶላው ተጨመቀ። ትኩሳቱ ወረደ፣ ራሴ ቀለለኝ፣ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

«ወጣ!» አሉ ጋሽ በቀለ እጃቸውን እያጨበጨቡ። ሮማን በሩን ልትከፍት ስትል ደግሞ ጮኹባት። «ዝጊው! የላበው ሰው ከቤት አይወጣም። ንፋስ ከነካው አለቀለት።»

ይህን ሕግ ልብ በልልኝ። ሊገድለኝ የነበረው እሱ ነው።

ወባ ሦስት ምዕራፍ አለው፦ ብርድ፣ ትኩሳት፣ ላብ። ላቡ የመጨረሻው ምዕራፍ ስለሆነና ከእሱ በኋላ ሰው ደህና ስለሚሆን፣ ያዳነው ላቡ ይመስለዋል። ላቡ ግን የዚያን ዙር መጨረሻ ነው እንጂ የበሽታውን አይደለም የሚናገረው። አንተ አንሶላ ስትቀይር ተሕዋስያኑ አዲስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብተው እየተባዙ ነው። ይህን በኋላ ነው የተማርኩት። በጊዜው የማውቀው በማግስቱ ደህና መሆኔን ብቻ ነበር። ሮማን «ደህና በሆንክበት ቀን እንመርመር» አለች። «ደህና ሰው ምን ይመረመራል?» አልኳት። ደግሞም ላቤ ገና አልደረቀም፤ ከቤት አልወጣም።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ጋሽ በቀለም ተመለሱ። «ስር ሰዷል፣ ሁሉም አልወጣም» ብለው ድስቱን አስጣዱ። በማግስቱ ደህና ዋልኩ። ከዚያ እንደገና። በታመምኩበት ቀን መሄድ አልችልም፣ በዳንኩበት ቀን መሄድ አያስፈልገኝም። ስለዚህ የትም አልሄድኩም። የምላበው እኔ ነኝ፣ የሚመሰገኑት እሳቸው ናቸው። ሮማን አንድ ጊዜ «ጋሽ በቀለ፣ እርስዎ ቢሆኑ ይሄን ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ድስቱን እያስተካከሉ ነበር፤ ቀና አላሉም። «እንዴታ» አሉ።

ከዚያ ላቡ ቀረ። ትኩሳቱ መጣ፣ ላቡ አልመጣም። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ምላሴ ደረቀ። ሽንቴ አነሰ፣ ጠቆረ። ከአልጋ ልነሣ ስል ወለሉ ወደ ላይ መጣ። ሮማን ጮኸች። ሌላ አላስታውስም።

ያነቃኝ የባጃጅ ሞተር ነው። ጭንቅላቴ የሮማን ጭን ላይ ነበር። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ «እትዬ፣ ሰውዬው ትኩሳት አለው፤ ንፋስ እንዳይመታው ሸራውን ላውርድ?» አላት።

«ንዳ!» አለችው። «ንፋሱ ይምታው!»

ሆስፒታል ውስጥ ጣቴን ወጉኝ። ውጤቱ ብዙ አልቆየም። ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም፣ ሁለቱም የወባ ዓይነቶች ነበሩብኝ። ሄሞግሎቢኔ ወርዷል። ክሪያቲኒኔ ወጥቷል፤ ኩላሊት ሥራ ሲያቅተው ደም ውስጥ ከፍ የሚል ነገር ነው። ዶክተሯ ወጣት ናት። ግሉኮሱን ራሷ ሰቀለች፣ የወባ መድኃኒቱን አርቴሱኔትን በደም ሥሬ አሰጠች፣ ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ቤት ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«ስላብ ነበር።»

«ለምን?»

«መርዙ እንዲወጣ።»

አልሳቀችም። «ላብ ማቀዝቀዣ ነው። ማጽጃው ኩላሊት ነው» አለች። «እርስዎ ለማቀዝቀዣው ብለው ማጽጃውን አደረቁት። በአንድ ቀን ቢዘገዩ የምናወራው ሌላ ነበር።»

ስንት መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ከዚህ የተሻለ አንቀጽ አላስታውስም።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነበር፤ መጀመሪያ ሽንቴ ጠራ፣ ከዚያ ሾርባው መጣፈጥ ጀመረ፣ ከዚያ በመስኮቱ በኩል የሚታየው ጭጋግ ከኮረብታው ላይ ተነሥቶ ዛፎቹን አንድ በአንድ ሲያሳየኝ ማየት ደስ ይለኝ ጀመር፤ ነርሷ በመጣች ቁጥር ስንት ኩባያ ውሃ እንደጠጣሁ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ አጋንኜ እነግራታለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ጉበት ውስጥ የሚደበቀውን ቫይቫክስ የሚያጠፋው ፕሪማኪን ተሰጠኝ፤ ደህና ነኝ ብለህ እንዳታቋርጥ ብለውም አስማሉኝ። ደህና ነኝ የሚለውን ቃል ያን ጊዜ መፍራት ተምሬ ነበርና አላቋረጥኩም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ የማልጽፈው ነበር። የወዳጅ አላዋቂነት ክህደት አይባልም።

ሆስፒታል ሳለሁ ጋሽ በቀለ አልመጡም። ቤት ከገባሁ በኋላ ልጃቸው ሰላም የአጃ አጥሚት ይዛ መጣች። የዋህ ልጅ ናት። ክኒኔን ጠረጴዛው ላይ አየችና «አይዞህ ጋሼ፣ እሱ ያሽራል። አባዬንም እኮ እሱ ነው ያዳነው» አለች።

«መቼ?» አልኩ።

«ከፍል ውሃው ከተመለሳችሁ በኋላ ነዋ። ካንተ ትንሽ ቀደም ብሎ ያዘው፤ በዚያው ቀን ሄዶ ተመረመረ፣ ጀመረ። አልነገረህም?»

ሮማን እጇ ላይ የነበረውን ሰሃን አስቀመጠች።

እንግዲህ አስበው። ድስቴን እያስጣዱ ኪሳቸው ውስጥ ክኒን ነበር። ካፖርታቸውን ሲደርቡብኝ ሕመሙ ወባ መሆኑን፣ ከየት እንደመጣም ያውቁ ነበር። «እንዴታ» ሲሉ ያውቁ ነበር።

ራሴን ችዬ መቆም ስጀምር እቤታቸው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሲያዩኝ ሊነሡ ፈለጉ፣ ተውት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

አሁንም ምች ነበር ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ «አንተን ፈርቼ ነዋ» አሉ።

«እኔን?»

«ምላስህን። ጋሽ በቀለ ክኒን ዋጠ ብለህ የከተማው ሁሉ መሳቂያ እንደምታደርገኝ አጣሁት? ያ የጤና ባለሙያ ጓደኛችን ለደም ግፊቱ ክኒን ቢጀምር ምን ስም አወጣህለት? ሁለተኛ ቀና ብሎ ሄዷል? በየቀኑ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ እመጣለሁ። ላብህን ሳይ፣ ደግሞ ሲቀልልህ ሳይ፣ ምናልባት አንተን ያድንህ ይሆናል እላለሁ።»

«ብሞትስ?»

«ብትሞትማ...» አሉና እጃቸውን አዩ። «ብትሞትማ ምች ነው እል ነበር መሰለኝ።»

ሐቀኛ መልስ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ብዙ ጊዜ ነበራቸው። ምላሴ መርዝ ነው፣ እሺ፤ አልክድም። ምላስ ፈርቶ ሰውን በጋቢ ጠቅልሎ መቅበር ግን ሌላ ነገር ነው። ይቅር አላልኳቸውም። አቀበቱን ዛሬም እወጣለሁ፣ ብቻዬን። እላባለሁም። እግር ያፍታታል፣ እንቅልፍ ይሰጣል፣ ልብን ያጠነክራል፤ ይህን የሚሠራው ግን መራመዱ ነው፣ ላቡ የሥራው ምልክት ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ከኋላዬ የማውቀውን እርምጃ እሰማለሁ። አልዞርም፤ እሳቸውም አይደርሱብኝም።

ለዶክተሯ፣ ውሃዬን ለቆጠረችው ነርስ፣ ሸራውን እንዳያወርድ ታዝዞ ለታዘዘው ሾፌር ምስጋናዬ ይድረስ። ለሮማን ምስጋና አይበቃትም፤ እንድትናገረኝ ፈቅጄላታለሁ፣ እየተጠቀመችበት ነው።

አንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ቆላ ወርደህ ከተመለስክ በኋላ ብርድ ከያዘህና ከላበህ፣ ደህና የሆንክበትን ቀን አትመን። የቀለለህ ዕለት፣ አንሶላው ገና እርጥብ ሳለ፣ ጋቢውን ጣል፣ በሩን ክፈት፣ ሂድና ጣትህን ተወጋ። ክኒን የዋጥክ እንደሆነም አትደብቅ፤ ታሞ ላልተመረመረው ወዳጅህ ዛሬውኑ ደውልለትና ንገረው። ቢያሾፍብህ ያሹፍብህ።