የከማል መኪና ፍሪሲዮን

«የልጄን መኪና ማን ንካ አለህ?» አባቴ መካኒኩ ሰይድ ላይ ጮኸ። እኔ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ወንድሜ ከማል ከሞተ ወዲህ አባቴ ያቺን ቀይ የስፖርት መኪና ማንም እንዳይነካት ከልክሎ ነበር። እዚህ ሐይቅ ከተማ ያመጣናት ባትሪዋን ልናስሞላ ነው። ሰይድ ግን ከፋብሪካ አብሯት የመጣውን ፍሪሲዮን አውጥቶ ሌላ ገጥሞላታል።

«ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው የፍሪሲዮኑ ፔዳል ይከብድ ነበር፣ ጋሼ።»

«ይክበድ። ልጄ የረገጠው ፔዳል ነው።»

ሰይድ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ወላሂ ከራሴ አይደለም፤ የሟች አደራ ነው። ዕቃውን ያዘዘው ከማል ነው፤ ሳይደርስለት ሞተ። ‹አባቴን ጉልበቱን ያመዋል፤ ፔዳሉ ከቀለለለት እሱም ይነዳታል› ብሎኝ ነበር።»

አባቴ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን አንዴ ረገጠው፤ በቀላሉ ወረደለት። ከዚያ ወረደና ማንም እንዳይነካት የከለከላትን መኪና ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጦ እያነከሰ ሄደ።