ወገቤን ነው ብዬ ዋሸሁ

መጀመሪያ ያስታወቀኝ መኪናዬ ውስጥ ነው። ኤርፖርት የሠራተኛ ፓርኪንግ አቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ የምሳ ቦርሳዬን አነሳሁ። መውረድ አቃተኝ። እግሬ ደህና ነው። እጄ ደህና ነው። የሚያመኝ ነገር የለም፤ መውረዱ ብቻ እንቢ አለኝ። መስታወቱ በትንፋሼ ከውስጥ በረዶ እስኪሠራ አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ወደ ሜፕልዉድ፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሱፐርቫይዘራችን ስትደውል «ወገቤን ነው» አልኳት።

ወገብን አስቤበት ነው የመረጥኩት። ሥራዬ ዊልቸር መግፋት ነው። መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች ከጌት እስከ ሻንጣ መውሰጃው እገፋለሁ። ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት ነው፤ ከምገፋቸው ሰዎች ግማሾቹ በዕድሜ ታናሾቼ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ወገቤን ቢል ማን ይጠረጥረዋል? ወገብ የተከበረ በሽታ ነው። እግዜር ይማርህ ያሰኛል። «ልቤ ከበደኝ፣ ምንም ነገር አላስደስት አለኝ» ብትል ግን ሰው አንገቱን ይነቀንቅና ዞር ብሎ ያወራብሃል።

ባለቤቴ አልማዝ ልጃችንን ልታርስ ዳላስ ከሄደች ሦስተኛ ወሯ ነበር። በስልክ ድምፅዋን ታሰማኛለች፤ «ደህና ነኝ» እላለሁ። ፊትህን ልየው ስትለኝ ካሜራው ተበላሽቷል አልኳት። ብነግራት አራሷን ጥላ ትመጣለች ብዬ ነው። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሁለት ሳምንት ሆነ። መጋረጃ አልገለጥኩም። ጺሜን አልተላጨሁም። እንጀራው ፍሪጅ ውስጥ ሻገተ። ጎህ ሳይቀድ እነቃለሁ፤ ሲነጋ መነሳት የለም። የደም ግፊት ኪኒኔን ተውኩት። ረስቼው አይደለም። ምን ያደርግልኛል አልኩ። አንድ ቀን፣ ነገ ባልነቃስ ምን ይቀርብኛል ብዬ አሰብኩ። ደነገጥኩ። በማግሥቱም አሰብኩት። ያን ጊዜ አልደነገጥኩም።

ይሄንን የምጽፈው ያ ሐሳብ መጥቶበት ብቻውን ለተቀመጠ ሰው ነው። ቀሪው ታሪክ የሚያስቅ ስለሆነ አትፍራ፣ አንብበው።

ማክሰኞ ቀትር ላይ የሕንፃው በር ደወል ጮኸ። በዚህ አገር ሳይደውል የሚመጣ ፓኬጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ አልከፈትኩም። ትንሽ ቆይቶ የራሴ በር ተንኳኳ።

«ጋሽ ታዬ! ክፈት!»

ከድር ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ። አንዱን ጎረቤቴን ተከትሎ ገብቷል። ከድር የአርሲ ሰው ነው፤ እቤቱ ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት። አገር ቤት የኳስ ቡድን ወጌሻ ነበር፤ የተጫዋች ወለምታና ወገብ ሲያሽ ነው ወጣትነቱን የጨረሰው። ይሄንን አውቃለሁ፤ ስዋሽ ግን ትዝ አላለኝም። ወጌሻ ጓደኛ ያለው ሰው በወገብ አይዋሽም።

«መኪናህ ታች በረዶ ለብሳ ቆማለች፣ ጫማህ በር ላይ ነው። የለሁም ልትለኝ ነው?»

ካለሁበት አልተነሳሁም።

«እሺ። እኔ እዚሁ ቆሜ እጮሃለሁ። ጎረቤቶችህ ፖሊስ ይጠሩና ከድር በጋሽ ታዬ ወገብ ምክንያት ይታሰራል!»

ያደርገዋል። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ጎበጥ ብዬ ከፈትኩ።

የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው የመጣው። በአንድ እጁ የምግብ ዕቃ፣ በሌላው የሰሊጥ ዘይት ይዟል።

«ምስር ነው» አለ፣ ገና ሳይገባ። «የእስላም ሥጋ ነው ብለህ እንዳታመልጠኝ።»

ስንት ዓመት አብረን ምሳ ስንበላ ሥጋ ተካፍለን አናውቅም፤ የየሃይማኖታችን ነው። በምስር ግን እንሻማለን። ሰበብ አሳጣኝ።

ቤቱን አየ፣ መጋረጃውን አየ፣ ጺሜን አየ።

«የትኛው ጎን ነው?»

«ግራው» አልኩ። የያዝኩት ቀኙን ነበር።

«ተኛ።»

ምንጣፉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ከድር ዘይቱን በመዳፉ አሙቆ በአውራ ጣቱ ተጫነኝ።

«እዚህ ነው?»

«ኧረ!»

«እዚህስ?»

«ኧረ በማርያም!»

«ጋሽ ታዬ፣ አሁን እኮ አልነካሁህም።»

ከአንገቴ ሥር እስከ ዳሌዬ አንድ በአንድ ዳሰሰ።

«ይሄ የበሬ ወገብ ነው» አለ። «እኔ የሃያ ዓመት ልጆች ወገብ ሳሽ እንዲህ ያለ አላገኘሁም። ታዲያ ምንህን ነው?»

«እንጃ» አልኩ።

እጁን አላነሳም።

«መነሳት አቃተኝ፣ ከድር።»

አለቀስኩ። ፊቴ ምንጣፉ ላይ ነው። ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። አባቴን ስቀብር እንዲህ አላለቀስኩም።

ከድር አይዞህ አላለኝም። ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ አላለኝም። ዘይት ጨመረና ማሸቱን ቀጠለ፣ ምንም ያልሆነውን ወገብ። ተነስቼ ፊቴን እንዳላሳየው ብሎ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

ቆይቶ፣ «እኔ ጨጓራ ነበር ያልኩት» አለ።

«ምን?»

«ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ወር የቀረሁ ጊዜ። ጨጓራዬ ድንጋይ ይፈጫል። የታመምኩት ያንተኑ ነው።»

«ለጨጓራህ እኮ ተልባ አምጥቼልህ ነበር!»

«ጠጣሁት። ምን ላድርግ?»

እዚያው እንደተኛሁ ሳቅ መጣብኝ። ንፍጤ፣ እንባዬ፣ ሳቄ ተደበላለቀ። ለምንጣፉ አዘንኩ።

ከዚያ ምስሩን ሊያሞቅ ኪችን ገባ። የኪኒን ሳጥኔን እዚያ አየ፣ ለየቀኑ አንዳንድ ክፍል ያላትን። አንዷም አልተከፈተችም። ይዟት መጣ።

«ይሄስ የማን ወገብ ነው?» አለ። አሁን አልሳቀም። ስልኬን አቀበለኝ። «ለክሊኒክ ደውል። ካልደወልክ እኔ ለእትዬ አልማዝ እደውላለሁ።»

ደወልኩ። ለማግሥቱ ጠዋት ሰጡኝ። ከድር ያን ቀን ቤቱ አልሄደም፤ ሶፋዬ ላይ አደረ። ማንኮራፋቱን ለጠላቴም አልመኝም።

ክሊኒክ ስደርስ አስተርጓሚ አልፈልግም አልኩ። ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ ለግፊቴ ሄጄ በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው ድምፁ የዕድራችን ጸሐፊ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ በግድ አስገባችልኝ። ስልኩ ውስጥ የአንዲት ልጅ ድምፅ መጣ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት መጀመሪያ።

«አባቴ፣ እኔ ሌላ ስቴት ነው ያለሁት። የሰማሁትን ለማንም እንዳልናገር ሕግ አለብኝ።»

ድምፅዋን አላውቀውም። ልቤ ትንሽ ረጋ።

ግፊቴ መቶ ሰባ ስምንት ሆኖ ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ወረቀት አነበበችልኝ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ደስታ። ስምንቱን መለስኩ። ዘጠነኛው፣ ብሞት ይሻላል ብለው አስበው ያውቃሉ ወይ የሚል ነው። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ውጪ ከድር ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። መዋሸት ደከመኝ።

«አዎ» አልኩ።

ሐኪሟ አልደነገጠችም። ራስዎን ለመጉዳት ያሰቡት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ እውነቴን ነው፣ አልኳት። እንዲህ ያለው ሐሳብ ቢብስብዎት ለማን ይደውላሉ አለችኝ። የከድርን ስም ጻፈች። ከዚያ እንዲህ አለች፣ ልጅቷም ተረጎመችው፦

«ይሄ ዲፕሬሽን ይባላል። በሽታ ነው፣ ስንፍና አይደለም። የሚታከም ነው።»

ስንፍና መሆኑን ነበር እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለራሴ ስነግረው የቆየሁት።

ሌላ በሽታ እንዳይሆን ብላ ደም አስቀዳችኝ፣ ታይሮይድም አየች። ሰርትራሊን የሚባል ኪኒን አዘዘችልኝ፤ ከሚያነጋግረኝ ቴራፒስትም ጋር አገናኘችኝ። «መድኃኒቱ ቶሎ አይሠራም፤ አራት፣ ስድስት ሳምንት ይታገሡ። ሳይነግሩኝ እንዳያቆሙ» አለችኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት አቅለሸለሸኝና ላቆመው አልኩ። ከድር «አንተ ግትር ሽማግሌ፣ ታገሥ ተባልክ እኮ» ብሎ ጮኸብኝ። እኔም መልሼ ጮህኩበት፣ ኪኒኑን ግን ዋጥኩት።

መዳን እንደ በረዶ መቅለጥ ነው፤ ቁጭ ብለህ ስታየው አይንቀሳቀስም፣ አንድ ቀን ወጣ ስትል ግን የእግረኛው መንገድ ተገልጦ ታገኘዋለህ። ከድር በየማክሰኞው ከፈረቃው ሲወጣ ምስሩን ይዞ ይመጣ ነበር፣ እኔም እንደ ጭድ እያኘክሁ ስለ ቸርነቱ ስል እውጥለት ነበር፣ ጣዕሙ ሳይሰማኝ። በስድስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ አንድ ጉርሻ አፌ እንደገባ ቆም አልኩና፣

«ከድር፣ ጨው አብዝተህበታል» አልኩት።

ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «አልሐምዱሊላህ! ዳነ! ሰውዬው ዳነ!»

«ምኑ ነው?»

«ስድስት ሳምንት ሙሉ እኮ ጨው ሳበዛብህ ነው የከረምኩት! እኔ ምግብ አልችልም! አንድ ቀን እንኳን አላማረርክም!»

በዚያው ቀን ጺሜን ተላጭቼ ካሜራውን ከፍቼ ለአልማዝ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ከዚያ «ካሜራው አለመበላሸቱን አውቄያለሁ። ጺምህን አሳድገህ እሱን ልትደብቀኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። በሳምንቷ መጣች። አራሷም፣ ሕፃኑም ምንም አልሆኑም፤ እኔ ዓለሙን ሁሉ የተሸከምኩ መስሎኝ ነበር እንጂ።

አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ፣ እገፋለሁ። ኪኒኔን እወስዳለሁ። ቴራፒስቱ ጋ በወር አንዴ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ወሬ ለመስማት ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር፣ አሁን ቀኑን የምጠብቀው እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟንና ስሟን ያልነገረችኝን አስተርጓሚ ይባርክልኝ። ለከድር ምን እንደምል አላውቅም። ምስጋና ሳነሳ «ተልባውን አስታውስ፣ ብድር ተመላልሰናል» ይለኛል።

ምክር ካልክ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም። የማውቀው ይሄንን ነው፦ ወገቤን፣ ጨጓራዬን፣ ራሴን ብለህ ከሥራ የቀረህ ሰው ከሆንክ፣ ለአንድ ሰው እውነቱን ንገረው። ስለ ሞት ማሰብ ከጀመርክ ነገ አትበል፣ ዛሬውኑ ተናገር፣ ሐኪም ጋ ሂድ። ኪኒን የምትወስድ ከሆነ ደግሞ አታቋርጥ። ጓደኛህ የጠፋብህ ከሆንክ ግን አትደውል፤ ስልክ ላይ ሁሉም ሰው ደህና ነው። ሂድና በሩን አንኳኳ።

ባለፈው ሳምንት አብሮን የሚሠራ አንድ ሰው ጉልበቴን ብሎ ቀረ። ብሉሚንግተን ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ልሄድበት ነው። ወጌሻ አይደለሁም፤ ከድርን ይዤው እሄዳለሁ። ምስሩን ግን አልማዝ ነች የምትሠራው። ጉልበቱ እውነት አሞት ከሆነም፣ ጨዉ ልክ የሆነ ምስር ይበላል።